ጋሼ ሽኩር ቤት የቀረው ኮት

ቤንዚን የነካው ሱፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፎ ትኩስ ካውያ ሲያርፍበት የሚወጣ ሽታ አለ። አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ጉሮሮ ይይዛል፣ ደስ የሚል ነገር የለውም። እኔን ግን ባለፈው ቅዳሜ ደረጃ ላይ አቁሞ አስለቀሰኝ። ሁለት ፌስታል አንጠልጥዬ መርካቶ ውስጥ የአንድ ሕንፃ የጓሮ ደረጃ እየወጣሁ ነበር። በአንዱ ፌስታል የሥራ ልብሴ አለ። የምሠራው ባንክ ነው፤ መስኮት ላይ። ከመስታወት ጀርባ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የምለብሰው ሙሉ ልብስ በደረቅ እጥበት ካልሆነ አይታጠብም፤ ሳይታጠብ ከገባሁ ደግሞ አለቃዬ ከእግሬ እስከ ራሴ ትገላምጠኛለች። ሰፈሬ ያሉት ላውንደሪዎች ለአንድ ኮት የሚጠሩትን ዋጋ ስሰማ፣ ሊያጥቡልኝ ነው ወይስ አዲስ ሊያሰፉልኝ እላለሁ። አንዷ ባልደረባዬ "ምን አቃጠለሽ? መርካቶ ሂጂ፣ በርካሽ የሚያጥብ አለ" ብላኝ ነው የመጣሁት።

ሁለተኛው ፌስታል የእናቴ ነው። እናቴ ካረፈች ስምንት ወር ሆናት። ልብሶቿን ለአረጋውያን መርጃ ልሰጥ ብዬ ስደውል "በደስታ እንቀበላለን፣ ግን ታጥቦ ይምጣ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የተቸገረ ሰው ሽታችንን አብሮ መልበስ የለበትም። እኔ ግን ስምንት ወር ሙሉ ፌስታሉን ከበር ጀርባ አስቀምጬ፣ በወጣሁ በገባሁ ቁጥር እያየሁት፣ ዛሬ ነገ ስል ኖርኩ። ከልብሶቿ ሥር የአባቴ ኮት አለ። ያ ኮት የአንድ ሰው እግር አስሮ የኖረ ኮት ነው። ሰውየው ጋሼ ሽኩር ይባላሉ።

ጋሼ ሽኩር ባደግሁበት ሰፈር፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ልብስ አጣቢ ነበሩ። ላውንደሪያቸው በሁለት መጋዘን መሃል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። መስኮት የላትም። ግራና ቀኝ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተወጠረ ሽቦ ላይ ልብስ ተሰቅሏል፤ የሰው መሄጃ የምትሆነው ከመሃል ያለችው ክፍተት ብቻ ናት፤ እዚያች ላይ ጋሼ ሽኩር ቀኑን ሙሉ ቆመው የከሰል ካውያቸውን ወዲያና ወዲህ ይሉታል። ቀጭን ነበሩ፣ ረጅም፣ አንገታቸው ወደ ፊት ያዘነበለ። ከሽቦው ሥር ሲያልፉ ጎንበስ ማለት ስለለመዱ መንገድ ላይም ጎንበስ እያሉ ነበር የሚሄዱት፤ እኛ ልጆች ከኋላቸው እየተከተልን እናስመስላቸው ነበር። ዞር ብለው ሲያዩን "እናንተ ዱርዬዎች! የናንተንም ሸሚዝ እኔ ነኝ የምተኩሰው፣ ወላሂ ክንዱን እሰፋዋለሁ!" ይሉናል። አንድም ቀን ሰፍተው አያውቁም።

የዚያን ጊዜ የሰፈራችን አባቶች አብዛኞቹ አንድ አንድ ኮት ነበራቸው። ቅዳሜ ቀን ከሥራ ሲወጡ ኮታቸውን ለጋሼ ሽኩር ሰጥተው በሸሚዝ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ሰኞ ማለዳ በሸሚዝ መጥተው ኮታቸውን ለብሰው ወደ ሥራ። በዚያ ዋጋ ሌላ ቦታ ማንም አያጥብላቸውም። ጋሼ ሽኩር ኮቱን ሲቀበሉ መጀመሪያ ኪሱን ይፈትሻሉ። የተገኘውን ሁሉ፣ ክብሪትም ይሁን የክታብ ክርም ይሁን፣ በጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀልሉና በመርፌ ቁልፍ ኮሌታው ላይ ይሰኩታል። ከዚያ ከስኳር ካርቶን የተቆረጠች ቁጥር ያላት ካርድ ለባለቤቱ ይሰጣሉ። "አደራው እኔ ጋ ነው፣ ካርዷ አንተ ጋ ናት" ይላሉ። ለሁሉም ሰው፣ ሁልጊዜ፣ ይህንኑ።

አባቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበር። የስምንት ዓመት ልጅ ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ግራጫ ኮቱን ለጋሼ ሽኩር ሰጠ። እሑድ ከሰዓት ጋደም እንዳለ ሳይነቃ ቀረ። ልቡ ነው አሉ። ሰኞ ማለዳ ጋሼ ሽኩር እንደ ልማዳቸው ከሰል አቀጣጥለው ቢጠብቁ ኮቱን የሚወስድ ጠፋ።

አርባው ካለፈ በኋላ ኮቱን በጋዜጣ ሸፍነው፣ በማንጠልጠያ እንደያዙት እቤታችን መጡ። እናቴ በሩን ከፍታ ስታያቸው ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ጣለች።

"ጋሼ ሽኩር፣ በማርያም! አሁን እሱን አላይም። እርስዎ ጋ ይቆይልኝ። አደራ።"

"ይቆይ እትዬ አስካለ፣ ይቆይ። ምን ቸገረኝ" አሉና ጎንበስ ብለው ተመለሱ።

ቸግሯቸው ነበር። ያንን ያወቅሁት ግን አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ በአረፋ ቀን። አረፋ ሲመጣ የስልጤው ነጋዴ ሱቁን ቆልፎ፣ ለእናት ለአባቱ ስጦታ ሸክፎ አገር ቤት ይገባል። እንደዚያ የሚያጓራው መርካቶ ጸጥ ይላል፤ ጋሪም የለ፣ ተሸካሚም የለ፣ ቆርቆሮ በሩ ሁሉ ጥርቅም። እናቴ ክብሪት ግዢ ብላኝ ሱቅ አጥቼ ስዞር አንድ በር ብቻ ተከፍቶ አገኘሁ፤ የጋሼ ሽኩርን። አዲስ ቆባቸውን አድርገው፣ የበዓል ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ባዶ መንገድ ያያሉ።

"እርስዎ አገርዎ አይሄዱም እንዴ? እናት የለዎትም?" አልኳቸው። የልጅ አፍ!

"አለች። ኧረ በደንብ አለች" አሉና ሳቁ። ሳቁ ቶሎ አለቀ። ከዚያ ለማንም የማይነገረውን ለኔ ነገሩኝ።

እኔ ሳልወለድ በፊት እንደ ሰው ሁሉ ለአረፋ ይሄዱ ነበር። አንድ ዓመት ሱቁን ለዘመዳቸው ትተው ሄዱ። ዘመድዬው ደግ ነው፤ ሽቦው ላይ ለዓመታት ተሰቅሎ አቧራ የጠጣ ሙሉ ልብስ አይቶ "ባለቤቱ ረስቶታል፣ ለበዓል ሰደቃ ይሁን" ብሎ ለደሃ ሰጠው። በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቱ ከተፍ አለ። ታስሮ ኖሮ መፈታቱ ነው። ካርዷን ጨርቅ ውስጥ ቋጥሮ ስንት ዓመት አቆይቷታል። "ሥራ ልጠይቅ ነው፤ ያለኝ ልብስ እሱ ብቻ ነው" አለ። ሌላ ልብስ ቢሰጡት እምቢ አለ። አልተሳደበም፣ አልጮኸም፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሽማግሌ ተቀምጦ አስታረቃቸው። ጋሼ ሽኩርም ያን ዕለት በሽማግሌዎቹ ፊት ማሉ፤ የሰው አደራ ቤታቸው ተሰቅሎ ሳለ ከመርካቶ ላይወጡ።

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አረፋ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ልብሱን ሁሉ በየቤቱ እየዞሩ ያስረክባሉ፤ ሽቦው ባዶ ሲሆን ይሄዳሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ ግን ሽቦው ባዶ አልሆነም። ቀና ብዬ አየሁ። በዚያ ረጅም ሽቦ ጫፍ አንድ ግራጫ ኮት ብቻውን ተንጠልጥሏል።

"ለእናቴ ልንገራት! አሁኑኑ ትወስደዋለች!"

"ትንፍሽ እንዳትዪ!" ብለው ክንዴን ያዙኝ። "ሐዘን ላይ ያለ ሰው አይቸኮልም። እሷ ልቧ ሲችል ራሷ ትመጣለች። በአባትሽ ይዤሻለሁ ሰናይት፣ እንዳትነግሪ። አደራ።"

እንግዲህ እኔም ታሰርኩ። ካርዷ የት እንዳለች አውቃለሁ፤ እናቴ ሳጥን ውስጥ፣ ከጋብቻ ፎቶዋ ጀርባ። እናቴ ኮቱን እንደማታነሳ አውቃለሁ፤ ስሙ ከተነሳ ሦስት ቀን ምግብ አትቀምስም። ጋሼ ሽኩር ለምን እንደማይሄዱም አውቃለሁ። በነዚህ በሦስቱ መሃል እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፣ እመጣለሁ፣ እበላለሁ፣ አፌን ዘግቼ።

በዓመቱ፣ አረፋ ሊደርስ ሲል፣ ከአውቶቡስ ተራ አንድ ዘመዳቸው መልእክት ይዞ መጣ። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ በበራቸው ሳልፍ ሰማሁት። "እናትህ ታመዋል። ስምህን እየጠሩ ነው። ጠዋት ባለው አውቶቡስ ና" ይላል። ጋሼ ሽኩር ካውያውን እንደያዙ ቀሩ። የሚተኩሱት ሱሪ ሊቃጠል ሲል ነው ያነሱት።

ዳቦውን ትቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። እናቴ ውጭ ነበረች። ሳጥኑን ከፍቼ ካርዷን አወጣሁና እየሮጥኩ ሄጄ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። "እናቴ ኮቱን አምጪ ብላኛለች" አልኩ። ጋሼ ሽኩር ካርዷን አገላብጠው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ። በመዋሸት ገና አልተካንኩም ነበር።

"በእጇ አደራ ብላኛለች፣ በእጇ ትውሰድ። ካርዷን ካነሳሽበት መልሺ የኔ ልጅ" አሉኝ። ድምፃቸው አልተቆጣም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር!

መለስኳት። ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ሁለት ቀን! እናቴን ሳያት ላወራ አፌን እከፍታለሁ፣ "በአባትሽ" ያሉኝ ትዝ ይለኛል፣ እዘጋለሁ። እሳቸውም በነዚያ ቀናት የሰውን ልብስ ሁሉ አስረከቡ፤ ሽቦው ላይ የኛ ኮት ብቻ ቀረ። ሰው "ምን ነካቸው፣ እናታቸው ታመው ለምን አይሄዱም?" እያለ ያማቸዋል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ እጇ ላይ ልቅሶዬ ፈነዳና ሁሉንም ዘከዘክሁላት።

እናቴ ማበጠሪያውን ወረወረችው። "ወይኔ አስካለ! ወይኔ! ሰው አስሬ ኖሬያለሁ እንዴ?" ብላ በተለያየ ሁለት ነጠላ ጫማ፣ ካርዷን ጨብጣ ወጣች። ደረስኩባት። ጋሼ ሽኩር ኮቱን ከሽቦው አውርደው፣ አቧራውን በብሩሽ ጠርገው በሁለት እጃቸው ሰጧት። እሷም በሁለት እጇ ተቀበለች። "ይቅር ይበሉኝ" ስትል "ምን በደልሽኝና?" አሉ። ያን ጊዜውኑ ቆልፈው ወደ አውቶቡስ ተራ ሄዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ሲሄዱ አየኋቸው።

እቤት ስንደርስ እናቴ ኮሌታው ላይ የተሰካውን ጋዜጣ ፈታችው። ግማሽ እርሳስና ሁለት ከረሜላ ነበር። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያመጣልኝ ከረሜላ፤ በዚያ ቅዳሜ ከኪሱ ማውጣት ረስቶታል። ከወረቀቱ ጋር ተጣብቋል። አራት ዓመት ሙሉ አንድ ከረሜላ እንኳ አልጣሉም። እኔና እናቴ ኮቱን ታቅፈን እስክንጠግብ አለቀስን።

ጋሼ ሽኩር አልደረሱም። እናታቸው የተቀበሩት እሳቸው ከመግባታቸው ከአንድ ቀን በፊት ነው። መልእክቱ በመጣ ዕለት ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ይደርሱ ነበር፤ ይህንን ማንም ሳይነግረኝ ራሴ ቆጥሬ ደረስኩበት። ሲመለሱ ሄጄ ሁለት ቀን ዝም ማለቴን ነገርኳቸው። ካውያውን በቆሙበት ቦታ አስቀምጠው ጎንበስ አሉልኝ።

"አንቺ አደራሽን ጠበቅሽ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔ የከበደኝን ለልጅ አሸከምኩ" አሉኝ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ መጋዘኖቹ ለሕንፃ ፈረሱ፣ ላውንደሪውም አብሮ። የመጨረሻውን ልብስ አስረክበው አገራቸው ገቡ። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። እናቴ ግን እስክትሞት ድረስ ሰው ጋ ዕቃ አስቀምጣ አታውቅም፤ የጎረቤት ሰሐን እንኳ እቤታችን አድሮ አያውቅም።

ቅዳሜ ዕለት ደረጃውን ወጥቼ ገባሁ። ወጣቱ አጣቢ ልብሶቹን አንድ በአንድ እያወጣ መዘገበ። ከጀርባው ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ከሦስት ወር በላይ ለቆየ ልብስ ኃላፊነት አንወስድም ይላል። እንዲህ ያለው ማስታወቂያ በየላውንደሪው አለ፤ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላነበብኩትም ነበር። ጋሼ ሽኩር ይህቺን አንድ መስመር ጽፈው ቢለጥፉ ኖሮ እናታቸውን በእጃቸው ይቀብሩ ነበር።

"እትዬ፣ የዚህ ግራጫ ኮት ኮሌታ ላይ ዝገት ያለው መርፌ ቁልፍ አለ፤ ልጣለው?" አለኝ ልጁ።

"ወዲህ በለው" አልኩና ተቀብዬ ለብሼው በነበረው ሁለተኛው የሥራ ኮቴ ኮሌታ ሥር፣ ከውስጥ በኩል ሰካሁት።

"መቼ ነው የሚወስዱት? ያው ሰው እየጣለብን ይጠፋል፣ ቦታ ጠቦናል።"

"መቼ ይደርሳል?"

"ማክሰኞ።"

ማክሰኞ ገና ቆርቆሮ በሩን ሲከፍት ደጃፉ ላይ ቆሜ አገኘኝ።