ከጉበኑ የረገፈ ወይን

የበደለችኝ የባሌ እህት ብርሃኔ ናት። የበደለችኝም ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ የባሌ አርባ በወጣበት ቀን፣ እዚሁ አዳማ ግቢዬ ውስጥ፣ ድንኳኑ ሳይነሳ ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ያደረግሁትን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴም የነገርኳቸው ግማሹን ነው።

አማቴ ከባቱ ወዲያ ከፈረሰ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ያዳኑት አንድ ድንጋይ ጓሯችን ነበር። የወይን ሐረግ ተቀርጾበታል፤ ቅጠሉ ከነጅማቱ፣ ዘለላው ከነፍሬው። ቤተ ክርስቲያኑ ዳግም ሲታነጽ ወደ በሩ ጉበን እንዲመለስ ለባሌ አደራ ብለውት ሞቱ። ባሌም ለእኔ። ሃያ ዓመት አቧራውን የጠረግሁት እኔ ነኝ።

ያን ቀን ብርሃኔ ድንጋዩን እሑድ መጥታ እንደምትወስድ በሰው ፊት ተናገረች። አደራው የኔ ነው አልኳት።

«አንቺ ደግሞ የምን ሐረግ አለሽና ነው? እዚህ ቤት ባንቺ በኩል የሚቆጠር ማን አለ?» አለችኝ።

ልጅ እንዳልወለድሁ የማያውቅ ሰው ድንኳኑ ውስጥ አልነበረም። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ስትስቅ አይቻለሁ።

ግንበኛው ጋሽ ቶላ የጓሮ አጥሬን ሲሠራ ሰንብቶ፣ ዕቃውን እኔ ጋ ትቶ አርሲ ነገሌ ገበያ ሄዶ ነበር። በማግስቱ መሮውን አነሳሁ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። እኔ ነኝ ሐረጉን የመታሁት። ተናድጄ ነው ልበል? የተናደደ ሰው ከአንዱ ጫፍ ጀምሮ ቅጠል በቅጠል ይጨርሳል? እኔ መሃል ላይ ምሳዬን በልቼ ተመልሼ ቀጥያለሁ።

እሑድ ብርሃኔ ከቄሱና ከሽማግሌዎቹ ጋር መጣች። «ቶላ ነው። ተራ ድንጋይ መስሎት ለአጥሩ ጠረበው» አልኩ። ያን ዕለት ጋሽ አላልኩትም። እሱም ከገበያ ተመልሶ እዚያው ቆሞ ነበር።

«አዴ፣ እኔ የተቀረጸ ድንጋይ አላውቅም?» አለኝ ቀስ ብሎ።

ብርሃኔ ልሙጡን ድንጋይ ጥላልኝ ሄደች። ቶላን ግን ከዚያ ወዲያ ለቤተ ክርስቲያኑ ግንባታ የጠራው የለም። በሰፈሩም እስኪሞት ድረስ ስሙ «ሐረግ አጥፊው» ሆኖ ቀረ።

ብርሃኔ ያለችኝን አልረሳሁም፤ አልረሳምም። ቶላስ ምን አለኝ? ምን በደለኝ? እሷን ላቃጥል ብዬ እሱን ለምን ማገድኩት? ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው አፈር ለብሷል።

ለቅሶው ላይ ተገኝቻለሁ። ወንበር ለቀቁልኝ፤ ተቀመጥኩ። ሚስቱን «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። በማግስቱ ድንጋዩን ቧንቧው ሥር አስተከልኩት። ልብስ አጥብበታለሁ።