ከዱዓው በኋላ የቀረው መርፌ

ወልድያ ክሊኒክ ውስጥ ነርሷ ለልጄ የታዘዘውን የሴፍትሪያክሶን መርፌ ነጭ ዱቄት በውሃ በጥብጣ ብልቃጡን ስትንጠው፣ የአልኮሉ ሽታ ወደ ግራና ከተማ፣ ወደ ልጅነቴ ቤት መለሰኝ።

ታናሽ ወንድሜን ሰይድን የሳንባ ምች ይዞት፣ አባቴ በየቀኑ መርሳ ጤና ጣቢያ እያመላለሰ መርፌ ያስወጋው ነበር። ትኩሳቱ ለቀቀውና ቂጣ በማር አምጡልኝ አለ። ቤታችን በደስታ ሞላ፤ ጎረቤት ተጠርቶ የምስጋና ዱዓ ተደረገ። ሰይድ እጁ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ለሁሉም እያሳየ፣ “ድኛለሁ እኮ!” ይላል።

በማግስቱ እናቴ፣ “መርፌው ገና አላለቀም ብለው የለ፣ አትወስደውም?” አለችው።

አባቴ ድምፁን ዝቅ አደረገ። “አላህን አመስግነን ስናበቃ ደግሞ ብናስወጋው፣ አላመንንህም ማለት አይሆንብንም?”

እኔ ነገሩ ባይገባኝም፣ ሰይድ ከመርፌው በማምለጡ ደስ አለኝ።

ትኩሳቱ ሲመለስ ግን በረታበት። አባቴ አዝሎት እየሮጠ፣ መርሳ ሳይደርሱ ሰይድ ጀርባው ላይ አረፈ።

አሁን ልጄ እጇን ከነርሷ እየሸሸገች፣ “እማዬ፣ ድኛለሁ እኮ፤ ይቅርብኝ” ትለኛለች።

እቅፍ አደረግኋት። “አልሃምዱሊላህ፣ የኔ እናት” አልኳትና እጇን ለነርሷ ዘረጋሁላት።