የደረቀው ስክሪን ተጠርጣሪ

በማተሚያ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ያለህ፣ ወጪ ወራጁም ሁሉ፣ ጆሮህን አውሰን። የሠላሳ ስምንት አቋራጭ ቁልፎች አዛዥ፣ የማውስ ደመኛ፣ የጥቁሩ ስክሪን ባላባት፣ የፕሮግራመራችን ክብር ተደፍሯል።

ሰውዬው ለአራሚዎቹ አዲስ የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ሠራላቸው። ትእዛዝ በኪቦርድ ብቻ በሚቀበለው ጥቁር መስኮት፣ በተርሚናል ላይ፣ ነጭ ፊደል ብቻ፤ ሁሉም ነገር በሁለት ጣት። ኮንትሮልና ዲ መስመር ይሰርዛል፣ ኮንትሮልና ኤስ ያስቀምጣል። እሱ ክፍል ውኃ ሆኖ ይፈስ የነበረው ፕሮግራም አራሚዎቹ ዘንድ ሲደርስ ድርቅ ይላል። የጫነላቸው ደግሞ የሚስቱ ወንድም፣ የማሽን ጠጋኙ ነው።

«ማን ነካው?» አለ ፕሮግራመሩ።

«ማንም።»

«ማንም የሚባል ሠራተኛ እዚህ የለም።»

«እንግዲህ ጥላህንም መታወቂያ ጠይቀዋ፣ ጋሼ» አለ ጠጋኙ ገመዱን እየጠቀለለ።

ጋሼ በምሳ ሰዓት የሚነካካውን ሊይዝ ኪቦርዶቹ ላይ የፀጉር ዘለላ አጋድሞ ይወጣ ጀመር። ፀጉሩ ካለ ሌባው ብልጥ ነው፤ ከሌለ ሌባው መጥቷል።

«ወንድሜ እኮ ነው» አለችው ሚስቱ።

«ለዚህ ነዋ። የማያውቀኝ ሰው በምን ይቀናብኛል?»

በማግስቱ ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፈ፦ ጠጋኙ ሆን ብሎ ሥራ ያበላሻልና ይሰናበትልኝ። ሥራ አስኪያጁም ዓርብ እፈርማለሁ አሉ።

ረቡዕ ጠዋት አንጋፋዋ አራሚ ጠሩት። «ልጄ፣ ይኼ ነገር የሚደርቀው አስቀምጥ ስለው ብቻ ነው። ቅድም ጣቴ ስቶ ኮንትሮልና ኪው ብነካ ነፍስ ዘራ።»

ፕሮግራመሩ ያን ጊዜ ትዝ አለው። ተርሚናል ከጥንት ጀምሮ ኮንትሮልና ኤስ ሲነካ ቀጥ ይላል፤ ኮንትሮልና ኪው ሲነካ ይለቃል። ይህን ጠባይ ከራሱ ማሽን ላይ ከዓመታት በፊት በገዛ እጁ አጥፍቶ፣ ማጥፋቱንም ረስቶት ነበር።

ማስቀመጫውን ትንፍሽ ሳይል ወደ ሌላ ቁልፍ አዛወረ። ስክሪኖቹ እንደ ውኃ ፈሰሱ። ከዚያ ደብዳቤውን መልሶ ሊወስድ ተነሥቶ እስከ ሥራ አስኪያጁ በር ሄደ፤ እጁንም ለማንኳኳት አነሣ።

«ያ ጠጋኝ ያውቅ ነበር» አለ በልቡ። «እያወቀ ነው ዝም ያለኝ።»

እጁን ኪሱ ከተተና ተመለሰ።

አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው። ደብዳቤው ከሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ በስተግራ ተቀምጧል፣ በሩም አይቆለፍም። በዚያ በኩል የምታልፍ ከሆነ፣ እባክህ ገባ ብለህ ደብዳቤውን…