ብርሃን ያየው ሳህን

ሎሳሊን ታውፋ አውስትራሊያ ውስጥ ብሪዝበን ወንዝ ዳር ወዳለው ላቦራቶሪያችን የመጣችው ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች ነው። ወላጆቿ ከፓስፊክ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከቶንጋ መጥተው ብሪዝበን አጠገብ ሎገን የሰፈሩ ናቸው። አባቷ ሲዮኔ ጣሪያ ሠሪ ነው፤ ዴዝ የሚባለው የሥራ ጓደኛው ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆርቆሮ ሲመታ ኖሮ በቆዳ ካንሰር ሞተ። ሎሳ ዴዝን እንደ አጎቷ ነበር የምታየው። ወደዚህ ሥራ ያመጣት የእሱ ሞት መሆኑን የነገረችኝ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ነው። ሥራችን ሲያወሩት ትልቅ፣ ሲሠሩት ደግሞ አሰልቺ ነው። ከባሕር ስፖንጅ፣ ዓለት ላይ ተጣብቆ ከሚኖር እንስሳ፣ የተጨመቀ ንጥረ ነገር የካንሰር ሕዋሳት ባሉበት ትንሽ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ጠብ ታደርጋለህ፤ ታሳድረዋለህ፤ በማግስቱ ማን እንደሞተ ታያለህ። አብዛኛውን ጊዜ ማንም አይሞትም። ሎሳ ግን ያልሞቱትንም ቢሆን "ለምን?" ሳትል አታልፍም። ጫፍ ላይ ያሉት ለምን ወፈሩ? እነዚህ ለምን ተራራቁ? አለቃችን ፌኔላ፣ "አንቺ እኮ አንድ ቀን ማቀዝቀዣውን ለምን ታቀዘቅዛለህ ሳትዪው አትቀሪም" ትላት ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤተሰቡ ምሳ ላይ ሲሰበሰብ አባቷ አይለቃትም።

"እሺ፣ መድኃኒቱ ተገኘ?"

"አባዬ፣ እንደ ቆርቆሮ ባንድ ቀን የሚገጠም ነገር አይደለም።"

"እኔ ባንድ ቀን ጣሪያ እጨርሳለሁ። አንቺ በዓመት አንዲት ሕዋስ መግደል አቃተሽ?"

ከዚያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁሉም ሞተው ተገኙ። ከአንድ ጠቆር ያለ ስፖንጅ የወጣው ንጥረ ነገር ሳህኑን ሙልጭ አድርጎታል። ፌኔላ ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብላ አየችና አፏጨች።

"ድገሚው" አለች።

ሎሳ ደገመችው። ሕዋሳቱ ምንም አልሆኑም። እንደገና ሞከረች፤ ይባስ ብለው ተባዙ። እኔም፣ "ያን ቀን የሆነ ነገር ተሳስተሽ ይሆናል፤ ተይው" አልኳት። ፌኔላም፣ "የማይደገም ውጤት ውጤት አይደለም፤ ወደሚቀጥለው እለፊ" አለቻት።

"እሺ፣ አልፋለሁ" አለች ሎሳ። "ግን እነዚያኞቹ ሞተዋል። የሆነ ነገር ገድሏቸዋል።"

ወደሚቀጥለው ሥራ አለፈች፤ በምሳ ሰዓት ግን እየተመለሰች ያችን ሳህን ማሰቧን አልተወችም። እኔንም ሳንድዊቼን እንኳ በሰላም አላስበላ አለችኝ።

"ያን ሰኞ ምን የተለየ ነገር ነበር?"

"ምንም። የእሳት አደጋ ደወል ጮኸብን እንጂ። አንዱ ኩሽና ውስጥ ዳቦ አሳርሮ…"

ወደ መስኮቱ ዞረች። ደወሉ ሲጮኽ ሁላችንም ሥራችንን ጥለን ሣሩ ላይ ወጥተን ቆመን ነበር። ሳህኗስ? መስኮቱ ሥር፣ የኩዊንስላንድ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ሌላ ጊዜ ግን ንጥረ ነገሩን ጠብ እንዳደረገች በቀጥታ ጨለማ ወዳለው ማሞቂያ ሣጥን ነው የምታስገባው።

"ሙቀቱ ይሆናላ" አልኩ።

"ወይም ብርሃኑ" አለች፤ ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሣች።

ሦስት ሳህን መስኮቱ ሥር ደረደረች። አንደኛው ሕዋስ ብቻ ያለው ነው። ሁለተኛው ንጥረ ነገሩ ተጨምሮበታል። ሦስተኛውም ተጨምሮበታል፤ እሱን ግን ሙቀት እንጂ ብርሃን እንዳያገኘው በአሉሚኒየም ፎይል ጠቀለለችው። በማግስቱ አብረን አየን። የመጀመሪያው ደኅና ነው። የተጠቀለለውም ደኅና ነው። ፀሐይ ያየው ብቻ አልቋል፤ ሕዋሳቱ ተኮማትረው እንደ ፍርፋሪ ተበትነዋል። ሎሳ አልጮኸችም። ክንዴን ጭምቅ አድርጋ ይዛ፣ "እየው፣ እየው" ብቻ ትል ነበር።

ፌኔላ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ አየች። ከዚያ ሎሳ የፈራችውን ጥያቄ ጠየቀች፤ "ጤነኛውን የቆዳ ሕዋስስ?"

ሞከሩት። ብርሃን ሲያገኘው ጤነኛውንም ይገድላል።

"በቃ፣ የሚዋጥ ኪኒን አይሆንም" አለች ፌኔላ። "ይህን የዋጠ ሰው ፀሐይ ከነካው ቆዳው ያልቃል።"

ሎሳ አቀረቀረች። እኔ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን እያሰበች ነው።

"ብርሃኑን የምናሳርፈው እኛ ብንሆንስ? እብጠቱ ላይ ብቻ? ሌላውን ሸፍነን?"

ፌኔላ ፈገግ አለች። "ሜልቦርን በብርሃን የሚያክሙ ሰዎች አውቃለሁ። ልደውልላቸው።"

ናሙናው ሜልቦርን ሄደ። አሁን አይጥ ላይ እየሞከሩት ነው፤ የእስካሁኑ ክፉም ደግም አይደለም። ዓመታት ይፈጃል፤ ምንም ላይሆንም ይችላል። አባቷ ይህን ስትነግረው ሹካውን አስቀምጦ፣ "ዴዝ ቢሰማ ጥያቄ ያበዛብሽ ነበር" አላት።

ሎሳን አሁን የያዛት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ያ ስፖንጅ የሚኖረው ኮራል ከሚባለው የባሕር ዓለት ሥር፣ ጥላ ውስጥ ነው። ፀሐይ የማያገኘው ፍጡር በፀሐይ የሚገድል መርዝ ምን ያደርግለታል? መልሱን ራሷ ማየት ፈለገች። ስለዚህ ናሙና ሰብሳቢዎቹ ሲወጡ አብራ ሄደች። መንገዱን ሁሉ ስታስመልስ የጀልባው ካፒቴን፣ "የቶንጋ ልጅን ባሕር ያጥወለውላታል እንዴ?" ቢላት፣ "ያደግኩት ሎገን ነው፤ አርፈህ ንዳ!" አለችው።

ጠለቀች። ስፖንጁ እንደተባለው ጥላ ውስጥ ነው፤ አንድ ጥግ ግን ከጥላው ወጥቶ ብርሃን ይነካዋል። ዓሦች ሌላውን ጎኑን ነጭተውታል። ያችን ጥግ ግን አንድም ዓሣ አልነከሳትም።

ወደ ላይ ወጥታ የአየር ቱቦውን ከአፏ ገና ሳታወልቅ መናገር ጀመረች፤ ጀልባው ላይ ያለ አንድም ሰው የምትለው አልገባውም።