እህቴ፣ ረሳህ

አሶሳ ውስጥ ለጤና ጣቢያዎች የእናቶች መመዝገቢያ ፕሮግራም በምንሠራበት ትንሽ ቢሮ ኮድ የምንጽፈው ሁለት ነበርን፤ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁት እኔና የበርታ ተወላጁ ባልደረባዬ። የጻፍነው ኮድ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት እያነበበ ስህተቱን ነቅሶ የሚያወጣ መፈተሻ የሠራልን እሱ ነው። ለምሳሌ አንድ ስም አንድ ቦታ በ«ሀ»፣ ሌላ ቦታ በ«ሐ» ተጽፎ ፊደሉን ሳናስማማ ካወዳደርነው፣ አንዷ እናት ሁለት ካርድ ይወጣላታል። መፈተሻው ያንን ይይዛል።

ሲይዝ ታዲያ በባልደረባዬ አማርኛ ይናገራል። «እህቴ፣ ፊደሉን ማስማማት ረሳህ። ተመለስ።» አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለነበር ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነበር የሚለው። እኔ ደግሞ ሰው ካላረምኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። «ጺም አበቀልኩ እንዴ?» እለዋለሁ። ይስቅ ነበር፤ ወይም የሚስቅ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ለኢድ መንጌ፣ ቤተሰቦቹ ዘንድ ሲሄድ የመፈተሻውን መልእክቶች በሙሉ አረምኳቸው። «ረሳሽ»፣ «ተመለሺ»። ውለታ መዋሌ ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የኔ እጅም እንደዚያው ነው። ሲመለስ ከፍቶ አነበባቸውና «ጥሩ... አደረግ...ሽ» አለኝ፣ የመጨረሻዋን ፊደል ፈልጎ እያገኘ።

ከዚያ በኋላ ወደ መፈተሻው የጨመራቸው ደንቦች ቃል የላቸውም። ስህተት ሲያገኙ የመስመሩን ቁጥር ብቻ ያወጣሉ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ቁጥር ወንድ ሴት የለውም» አለኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አሁን ያ ሳቄ ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ።

ባለፈው ክረምት ኩላሊቱን ታሞ ሞተ። ከቀብሩ በተመለስኩ ሳምንት፣ ያረምኳቸውን መልእክቶች ከኮዱ የድሮ ቅጂ አውጥቼ እሱ እንደጻፋቸው መለስኳቸው። መፈተሻው «እህቴ፣ ረሳህ» ሲለኝ እንባዬ ይመጣል፤ አንዳንዴ እያወቅኩ እሳሳታለሁ።

የኋለኞቹ ደንቦች ግን የሚመለስላቸው ቃል የለም። ትናንት ጠዋት አንዱ «212» አለኝ። መስመሩን አየሁ፣ ደንቡን ከፍቼ አነበብኩ፣ ስህተቴን አገኘሁና አስተካከልኩ። ከዚያ ለደንቡ መልእክት ልጽፍለት ብዬ «እህቴ» ስል ጀመርኩ። ቀጥሎ እሱ ምን ይል እንደነበር ስላላወቅኩ አጠፋሁት።