ከጀርመን የመጣው የስፒከር ገመድ

ትናንት ልጄ የስፒከር ገመድ ገዝቶ መጣ። ዋጋውን አልነግራችሁም። «አባዬ፣ ልዩነቱን በራስህ ጆሮ ነው የምትሰማው» ሲለኝ እኔም እናቱም ሳቅን... የሳቅነው ግን በተለያየ ምክንያት ነው።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ያኔ ውቤ በረሃ አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። መሥሪያ ቤቴ ለሦስት ወር ሥልጠና ምሥራቅ ጀርመን ሲልከኝ ባለቤቴ በላይነሽ ያዘዘችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ካፖርት። አምስት ኪሎ አንድ ትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። በክረምት ጠዋት በስስ ሹራብ ዳገቱን ስትወጣ ታሳዝናለች።

እኔ ምን ይዤ መጣሁ? የስፒከር ገመድ። እንደ ጣት የወፈረ፣ ግልጽ ፕላስቲክ የለበሰ፣ ውስጡ መዳብ የሚያብለጨልጭ። ባለሱቁ «በዚህ ገመድ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲስብ ሁሉ ይሰማል» አለኝ። በቃ... ለካፖርቱ የቆጠብኩት አበል እዚያው ቀረ።

በላይነሽ ሻንጣውን ከፈተች። ገመዱን አወጣች። ከሥሩ ካፖርት ፈለገች... እንደገና ፈለገች።

«ይሄ ምንድነው?»

«የስፒከር ገመድ ነው። የድምፁን ጥራት ብትሰሚ...»

«እስከዛሬ ቴፕህ ያለ ገመድ ነው እንዴ ሲዘፍን የኖረው?»

አልነበረም። ከተቃጠለ ካውያችን የቆረጥኩት ገመድ ነበረው። ይሄን ግን ጮክ ብሎ መናገሩ አልጠቀመኝም።

«እሺ» አለች። «ቅዳሜ ጎረቤቶችህን ጥራ። ልዩነቱ ከተሰማቸው ካፖርት የሚባል ነገር ከአፌ አይወጣም። ካልተሰማቸው ከዕቃህ አንዱን ሸጠህ ትገዛልኛለህ።»

ተስማማሁ። እንዲያውም ደስ አለኝ። ዓርብ ዕለት አዲሱን ገመድ በገዛ እጄ በቡፌው ጀርባ አሳልፌ ገጠምኩ። የካውያውን አልጋ ሥር ወረወርኩት። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ዳኞቼን ልሰበስብ ወጣሁ።

ስድስት ሆነው መጡ። ከመሃላቸው ፒያሳ ሰዓት የሚጠግነው ክፍሌና የቀበሌያችን ጸሐፊ ጋሽ ሙላቱ ነበሩ። የክራር ካሴት ከተትኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ማርያምን፣ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ሰማኋት!

ካሴቱ አበቃ። ሁሉም ጋሽ ሙላቱን ያያል። በዚያን ጊዜ ጸሐፊው ሳይናገር ቀድሞ አስተያየት መስጠት ለጤና ጥሩ አልነበረም።

ጋሽ ሙላቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ድምፁ... ጠርቷል» አሉ።

«ጠርቷል እንጂ!» አለ ክፍሌ። «እኔ የሰዓት ትርታ ሳዳምጥ የምውል ሰው ነኝ። ይሄማ ሌላ ነገር ነው!»

ሌላው ጎረቤታችን ደግሞ ከበሮው ከግራ በኩል ጥርት ብሎ እንደተሰማው ተናገረ። ካሴቱ ላይ ከበሮ የለም።

ጋሽ ሙላቱ የስብሰባ ልማዳቸው መጣባቸው። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ።» ስድስት እጅ ወጣ፤ ከኔ ጋር ሰባት። «የሚቃወም?» ጸጥ። «ድምፀ ተአቅቦ?» ጸጥ።

በላይነሽ ሻይ ትቀዳለች። አሸንፌ ነበር፤ ግን ሹራቧን ሳይ ዓይኔን ወደ ቴፑ መለስኩ።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ።

«ልብሱ! ቶሎ አስገባልኝ እባክህ» አለችኝ።

የበደለ ባል ሲታዘዝ ፈጣን ነው። ሮጬ ወጣሁ። አንሶላውን አነሳሁ፣ ሸሚዜን አነሳሁ... ማስጫው ላይ እጄ ቀረ። እንደ ጣት የወፈረ ነው። ግልጽ ፕላስቲክ ለብሷል። ውስጡ መዳብ ያብለጨልጫል።

እርጥብ ልብስ ታቅፌ ስገባ ሁሉም ዞሮ አየኝ።

«በላይነሽ... ውጭ ያለው ገመድ...»

«አዎ፣ ያንተው ነው» አለች። «ሰው ልትጠራ ስትወጣ ፈታሁትና የካውያውን መልሼ ገጠምኩት። እስካሁን የሰማችሁት እሱን ነው።»

ክፍሌ የእጅ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ከበሮ የሰማው ጎረቤታችን ጫማውን ያያል። ሁላችንም ጋሽ ሙላቱን ጠበቅን።

«ጓዶች» አሉ ረጋ ብለው። «በሁላችን ስምምነት ያለፈ ውሳኔ በልብስ ማስጫ አይሻርም።»

ቤቱ በጭብጨባ ተሞላ። እኔም ልብሱን ወንበር ላይ አስቀምጬ አጨበጨብኩ። ወድጄ አይደለም፣ እጄ ለምዶ ነው።

በላይነሽ ግን ቀበሌ አይደለችም። ሰኞ አንዱን ስፒከር ሸጥኩ። ካፖርቱ ተገዛ፤ ቡናማ፣ ከጉልበቷ ዝቅ የሚል። በማግስቱ ጠዋት ለብሳው ዳገቱን ስትወጣ ከኋላ አየኋትና በራሴ አፈርኩ። ለገመድ ብዬ ነው ይህችን ሴት ክረምቱን ሙሉ ብርድ ላስመታት የነበረው?

በሳምንቱ ዳኞቼ ተመልሰው መጡና በቀረው ስፒከር አዳመጡ። «አንድ ሲሆን ይበልጥ ይጠራል» አሉ ጋሽ ሙላቱ። ሁሉም ተስማማ።

ገመዱ በዚያው ማስጫ ሆኖ ቀረ። ቤት ስንቀይር እንኳ ይዘነው ሄድን፤ አሁንም ጓሮ ተወጥሮ አለ። በላይነሽ እስከዛሬ ትስቅብኛለች። ትሳቅ...

በሱ ላይ የተሰጣ ልብስ ግን ቶሎ ይደርቃል።