የዘንዶው መጨረሻ ሚኒባስ ውስጥ አመለጠኝ

"ቆዪ ልጄ፣ ገጹን አትግለጪው፤ አልጨረስኩም!"

ዛሬ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመጣ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ አባት ናቸው እንዲህ ያሉኝ። ለካ ከተነሳን ጀምሮ አብረውኝ ሲያነቡ ኖሯል።

መጽሐፉ ስለ አንድ ክንፋም ዘንዶ ነው። አምስት ጓደኛሞች በተራ እንዋዋሰዋለን። እኔ ጨርሼው፣ ለባለተራዋ ከማስረከቤ በፊት እየደገምኩት ነበር። ሕጋችን አንድ ነው፤ መጨረሻውን የተናገረ የሚቀጥለው መጽሐፍ አይደርሰውም።

የሐረጎን ዳገት ወጥተን ደሴ ገባን። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ስንደርስ ሰውዬው ሊወርዱ ተነሱና በሩን ይዘው ቆሙ።

"ወላሂ፣ ዘንዶው ይሙት ይትረፍ ሳላውቅ አልወርድም!"

"ኧረ እህቴ፣ ንገሪያቸውና እንሂድ!" አለ ሾፌሩ።

ምን ላድርግ? "አይሞትም አባቴ! ለካ ዘንዶው ራሷ ንግሥቲቱ ናት!" አልኳቸው፣ ጮክ ብዬ።

"አልሐምዱሊላህ!" ብለው እየሳቁ ወረዱ።

ወዲያው ከኋላ ወንበር የማውቀው ድምፅ መጣ። "ዘሀራ! ነገ እኮ ተራው የኔ ነበር!"

ሰዓዳ ናት። መጽሐፉ ላይ አቀርቅሬ ስትሳፈር እንኳ አላየኋትም።

ዘንዶው ተርፏል። የእኔን እንጃ።

ሰዓዳን የምታረቅበት መጽሐፍ ስለምፈልግ አሁን የምታነቡትን ጻፉልኝ። መጨረሻውን ግን አደራ፣ እሷም ኮሜንት ታነባለች!